ሲጋራን መተው የአንድ ሰው ውሳኔ፣ ርቆ መቆየት የወዳጆች ሥራ

በየማለዳው ከሻርጃና ከአጅማን ወደ ዱባይ፣ በየማታው ደግሞ ከዱባይ ወደ ሻርጃና አጅማን የሚጓዘው ሠራተኛ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው። የቤት ኪራይ ከሚቀንስበት አድሮ ሥራ ወደሚገኝበት የሚመላለሰው ይህ ሠራተኛ ከዕለቱ ሰዓት ብዙውን በአል ኢቲሃድ ጎዳና መጨናነቅ ውስጥ ያሳልፋል። ከእነዚህ ተመላላሾች መካከል ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም፣ ከአዲስ አበባም የመጡ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ይገኙበታል። ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ፤ ከደመወዛቸው ቆጥበው ወደ ቤተሰብ ይልካሉ፤ ሶላታቸውን በወቅቱ ለመስገድ ይተጋሉ። አንዳንዶቹ ግን ለማንም የማይነግሩት ሸክም አለባቸው፤ ሲጋራ።

ለማንም አለመንገራቸው ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል የሚያጨሱት 3.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 6.2 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.2 በመቶ። አኃዙ ለአገሪቱ የምሥራች ነው። ለሚያጨሰው ሰው ግን ሌላም ትርጉም አለው። አጫሽ ጥቂት በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ሲጋራ መያዙ ከታወቀ ቤተሰቡ የሚያፍርበት፣ ጎረቤት የሚጠቋቆምበት መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ ይደብቃል። እናቱ በስልክ በምስል ስትደውል ከበረንዳው ይገባል፤ ወደ መስጂድ ከመሄዱ በፊት ልብሱን ይለውጣል፤ አፉን ይጉመጠመጣል። ሴት ከሆነች ደግሞ መደበቁ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የሲጋራ ሱስን ያህል ይህ አባባል የሚገልጸው በሽታ ጥቂት ነው። ተደብቆ የሚያጨስ ሰው ተደብቆ ለመተው ይሞክራል፤ ተደብቆ ይወድቃል፤ መውደቁን የሚያይለት፣ ሲነሣም እጁን የሚይዘው ሰው አይኖረውም። ሲጋራን ለመተው መወሰን የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በውሳኔው ጸንቶ መቆየት ግን ወዳጅ ይጠይቃል። በሦስቱ ኤምሬቶች የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብም ለዚህ የሚሆን ወዳጅነት አላጣም፤ ያልለመደው ወዳጅነቱን ለዚህ ጉዳይ ማዋሉን ነው።

የሱሱን አሠራር ማወቅ የወዳጅን አስፈላጊነት ያስረዳል። በጭስ የተሳበ ኒኮቲን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ የደስታና የመረጋጋት ስሜት ይፈጥራል። ስሜቱ ፈጥኖ ስለሚጠፋ አንጎል ሌላ ይፈልጋል። ሰውየው ሲያቆም ንዴት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና የምግብ ፍላጎት መጨመር ይከተላሉ። እነዚህ ምልክቶች ይበልጥ የሚበረቱት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በአብዛኛውም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ድንገተኛ ፍላጎት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደቂቃዎችን ብቻ ቆይቶ ያልፋል። ፈተናው እነዚያ ደቂቃዎች ሰውየውን የት፣ ከማን ጋር ያገኙታል የሚለው ነው። ብቻውን በጨለማ በረንዳ ላይ ካገኙት ሱሱ ያሸንፋል። የሚያናግረው ሰው አጠገቡ ካለ ግን ወሬው ሳያልቅ ፍላጎቱ ያልፋል።

የዓለም የጤና ድርጅት መረጃም ከዚህ ጋር ይስማማል። ድርጅቱ እንደሚለው በዓለም ትምባሆ ከሚጠቀሙት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማቆም ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ያለ ምንም ድጋፍ ከሚደረጉ ሙከራዎች የሚሳኩት 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የባለሙያ ምክርና የታወቁ መድኃኒቶች ሲታከሉበት የመሳካት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ትምባሆን ለማቆም የሚረዳ የመጀመሪያውን የሕክምና መመሪያ ባወጣበት ጊዜም ኒኮቲን ተኪ ማስቲካና ልጣፍ፣ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉትን መድኃኒቶች ከምክር አገልግሎት ጋር አጣምሮ መስጠትን ደግፏል። በእነዚህ አኃዞች ፊት፣ ያልተሳካለትን ሰው «ወኔ የለህም» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ከባድ ትግል ውስጥ ያለ አጋዥ ስለሚገባ ነው።

ማጨስም ሆነ ማቆም ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገር መሆኑን ያሳየ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ የተጀመረውን የልብ ጤና ክትትል መሠረት በማድረግ፣ እርስ በርስ በዝምድና፣ በጓደኝነትና በሥራ የተሳሰሩ 12,067 ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ያሳለፉት ሕይወት ተመርምሮ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። ከትዳር ጓደኛሞች አንዱ ማጨስ ሲያቆም የሌላው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ ቀንሷል። ወንድም ወይም እህት ሲያቆሙ ቅናሹ 25 በመቶ፣ ጓደኛ ሲያቆም 36 በመቶ፣ በአነስተኛ ድርጅት አብሮ የሚሠራ ባልደረባ ሲያቆም ደግሞ 34 በመቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሰዎች ሲጋራን የሚተዉት ተያይዘው፣ በቡድን በቡድን መሆኑን አስተውለዋል።

ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። ብዙዎች ባቆሙ ቁጥር ማቆም ያልቻሉት ከማኅበራዊ ሕይወት መሐል ወደ ዳር እየተገፉ ሄደዋል። ይህ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ማኅበረሰብ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል። አጫሹ ከመጀመሪያውም ጥቂት በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ እርሱን ማግለል ቀላል ነው፤ የተገለለ ሰው ደግሞ የሚያገኘው ወዳጅ እንደ እርሱ የሚያጨሰውን ነው። ጭሱን መጥላትና አጫሹን መጥላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ መደጋገፉ በተግባር ምን ይመስላል? ብዙ ነገር አይጠይቅም። ክፍል የሚጋሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ባልደረቦች፣ ወይም ከመግሪብ በኋላ አብረው ወደ ሻርጃ የሚመለሱ ጓደኛሞች ይበቃሉ። የማቆሚያውን ቀን አስቀድመው ይወስናሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ፓኬቱንም፣ ላይተሩንም፣ የሲጋራ መተርኮሻውንም ከቤት ያወጣሉ። ክፍሉም በረንዳውም ከጭስ ነፃ እንዲሆን ይስማማሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጧትና ማታ ይጠያየቃሉ፤ «ዛሬስ እንዴት ዋልክ?» የሚለው አጭር ጥያቄ ከረጅም ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅማል። ፍላጎቱ ድንገት ሲመጣ የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ደዋዩም ምክንያት መደርደር አይጠበቅበትም፤ ስልኩን ያነሣው ሰው እነዚያ ደቂቃዎች እስኪያልፉ ስለ አገር ቤትም ሆነ ስለ ሥራ ያወራዋል። ውኃ መጠጣት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ውዱእ ማድረግና ተነሥቶ ጥቂት መራመድም ይረዳል።

ለዚህ ጽሕፈት ቤትም፣ መዋጮም አያስፈልግም። እንዲያውም በአገሪቱ ሕግ ገንዘብ መሰብሰብ ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ እንዲህ ያለው ስብስብ ከገንዘብ የራቀ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ጓደኛሞች ከኢሻ ሶላት በኋላ አብረው እየተራመዱ ቢጠያየቁ ግን ከዕለት ሕይወታቸው የሚጨምረው ወጪም ሥርዓትም የለም። ኢትዮጵያውያን ሐዘን ሲደርስ ማን እንደሚያድር፣ ቡናው በማን ቤት እንደሚፈላ፣ የታመመውን ማን እንደሚጠይቅ ያለ ሰብሳቢ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው ብሂል ከኪሳቸው አይጠፋም። ያንኑ ልማድ ሲጋራ ለሚተው ወንድምና እህት ማዋል ነው የቀረው።

ሲጋራን ትቶ ወደ ሌላ ጭስ መሸጋገር ግን መተው አይባልም። በዱባይ ካፌዎች የሚቀርበው ሺሻ ውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ የጠራ የሚመስላቸው አሉ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስወግደውም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው አንድ ሰው በአንድ የሺሻ ቆይታ የሚስበው የጭስ መጠን መቶና ከዚያ በላይ ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር ሊስተካከል ይችላል። በሻርጃ ካፌዎች ሺሻ ማቅረብ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም አል ናህዳን ተሻግሮ ዱባይ መግባት የደቂቃዎች ጉዳይ በመሆኑ ክልከላው ብቻውን ፈላጊውን አያስቆመውም። በዚህ አገር የተለመደውና በትንሽ ፒፓ የሚጨሰው ዶኻ የተባለው ትምባሆም በኒኮቲን የበረታ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አብዛኛው ኒኮቲን ያለበት ሲሆን ሱሱን ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውረዋል። ከወዳጆች ጋር የሚደረገው ስምምነት እነዚህን ሁሉ ማካተት አለበት።

የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሕግ ለሚተው ሰው አጋዥ ነው። አገሪቱ የዓለም የጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2005 ተቀብላለች፤ በ2009 ደግሞ ፌዴራላዊ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ አውጥታለች። ሕጉና ማስፈጸሚያ ደንቡ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅን፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት መኪና ውስጥ ማጨስን ይከለክላሉ። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ በትምባሆ ላይ የመቶ በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ተጥሏል፤ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎችና ፈሳሾቻቸው በዚሁ ታክስ ውስጥ ገብተዋል። የሲጋራ ቁራጭ ከመኪና መስኮት የሚጥል ሰው 1,000 ዲርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ይቀጣል። ኢትዮጵያም በ2019 ባወጣችው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክላለች፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥም ደንግጋለች። እዚህ የተለመደ ሱስ አገር ቤት ሲገባ በሕግ የሚያስጠይቅ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

የኪሱን ጉዳይ ማንም በራሱ ሊያሰላው ይችላል። አንድ ፓኬት 15 ዲርሃም ቢሸጥ፣ በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው በወር 450፣ በዓመት 5,475 ዲርሃም ያቃጥላል። ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለእናት ሕክምና፣ ለዑምራ ወይም ለቤት መሥሪያ ተብሎ የመጣ ሰው ይህን ስሌት በወረቀት ጽፎ አልጋው ራስጌ ቢለጥፈው ከማስታወቂያ የበለጠ ያስታውሰዋል።

ሃይማኖቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አይልም። ትምባሆ በእስልምናው ዓለም የታወቀው ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ከብዙ ክፍለ ዘመናት በኋላ በመሆኑ የቀደሙት ዑለማዎች መክሩህ ነው በሚሉና ሐራም ነው በሚሉ ተከፍለው ነበር። ጉዳቱ በሕክምና ከተረጋገጠ ወዲህ ግን በርካታ የዘመናችን ዑለማዎችና የፈትዋ አካላት ሐራምነቱን አጽንተዋል። መነሻቸውም ራስን ወደ ጥፋት መጣል፣ ሌላውን መጉዳትና ገንዘብን ማባከን በሃይማኖቱ የተከለከሉ መሆናቸው ነው። ይህን ማወቅ ለአጫሹ መነሻ ኒያ ሊሆነው ይችላል። መውቀሻው ብቻ ከሆነ ግን ወደ መደበቂያው ይመልሰዋል። ነሲሓ ሰውን የሚያቀናው በለሰለሰ አንደበት ሲመጣ ነው።

ረመዳን ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሰጠ በር ነው። ጾመኛ አጫሽ ከፈጅር እስከ መግሪብ ሲጋራ ሳይነካ ይውላል፤ ሳያጨስ መዋል እንደሚችል ለራሱ አስመስክሯል ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከኢፍጣር በኋላ ነው። ከቴምርና ከውኃ ቀጥሎ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቀኑን ሙሉ የገነባውን በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። አብረው የሚያፈጥሩ ወዳጆች ይህችን ሰዓት ሊጠብቁለት ይችላሉ፤ ከማዕዱ እንደተነሡ ይዘውት ወደ መስጂድ ቢሄዱ፣ ከተራዊህ በኋላም ሺሻ ወደሌለበት ሻይ ቤት ቢያመሩ ከባዱ ጊዜ ያልፋል። በሕክምና የሚረዳም ካለ ማስቲካው ጾምን ስለሚያፈርስ ከኢፍጣር በኋላ መሆን እንዳለበት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ግን በርካታ ዑለማዎች ጾም አያፈርስም እንደሚሉ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ለራሱ ሁኔታ ሐኪሙንና የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ወዳጅነት ሐኪምን እንደማይተካ መታወቅ አለበት። በዱባይ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ማዕከላት፣ በሻርጃና በአጅማንም በመንግሥት የጤና ተቋማት ትምባሆ ለማቆም የሚረዱ ክሊኒኮች አሉ። ለብዙው አማርኛ ተናጋሪ መሰናክል የሚሆነው ቋንቋና «ስንት ይሆን?» የሚለው ስጋት ነው። እዚህም ላይ የወዳጅ ድርሻ ጎልቶ ይታያል፤ አረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚችለው ጓደኛ ቀጠሮ ሊይዝለት፣ አብሮት ሊሄድና ሊያስተረጉምለት ይችላል። በዱባይ የጤና መድን ግዴታ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ ሻርጃንና አጅማንን ጨምሮ በሰሜን ኤምሬቶች ያሉ አሠሪዎች ለግል ድርጅት ሠራተኞችና ለቤት ሠራተኞች መድን እንዲገቡ ተደንግጓል። ሠራተኛው መድኑ የትኛውን አገልግሎት እንደሚሸፍን መጠየቅ መብቱ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ማንኛውንም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

የትዕግሥቱ ፍሬ ፈጥኖ መታየት ይጀምራል። ከመጨረሻው ሲጋራ 20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት ይቀንሳል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠኑ ይመለሳል። በቀጣዮቹ ወራት ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይቀንሳሉ። አንድ ዓመት ሲሞላ ለልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመጋለጥ አደጋው ከአጫሽ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ይወርዳል፤ በ10 ዓመት በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በሚገድልበት ዓለም እያንዳንዱ ያልተለኮሰ ሲጋራ ዋጋ አለው።

በመንገዱ ላይ የሚወድቅ ይኖራል። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ፣ ወይም ሥራ ሲጠፋ አንድ ሲጋራ የለኮሰ ሰው «አበቃልኝ» ብሎ ወደ ሙሉ ፓኬት እንዳይመለስ የሚያደርገው በዚያው ምሽት እውነቱን የሚነግረው ሰው መኖሩ ነው። ብዙ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ከማቆማቸው በፊት ደጋግመው ሞክረዋል። ወዳጁ ሲሰማ ሊቆጣም፣ ሊስቅም አይገባውም። ምን እንዳስለኮሰው ጠይቆ ነገን አብሮት ይጀምር። የተውበት በር ለወደቀ ሰው ክፍት መሆኑን የሚያምን ማኅበረሰብ የራሱን በር ሊዘጋ አይችልም።

ይህ ደግሞ የእያንዳንዱን ድርሻ ይጠይቃል። የክፍል ተጋሪዎች ክፍላቸውን ከጭስ ያጽዱ፤ ሲጋራም «አንዴ ብቻ» እያሉ አይጋብዙ። በዴራም በሮላም ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ባለቤቶች የማያጨስ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ በእውነት ከጭስ ይጠብቁ። አሠሪዎች ክሊኒክ ለሚሄድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ፈቃድ አይንፈጉ፤ ሲጋራን የተወ ሠራተኛ ጤናውን ሲያገኝ እነርሱም ይጠቀማሉ። በአገር ቤት ያለው ቤተሰብም በስልክ ሲሰማ ከማፈር ይልቅ ይደግፍ። እህቶች ደግሞ በእህቶች መካከል የሚነገር፣ ከጓዳ የማይወጣ ምስጢር የሚጠብቅ የራሳቸው መደጋገፊያ ያስፈልጋቸዋል፤ የተነገረው ምስጢር አማና መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ዛሬ ማታም በአጅማን አንድ በረንዳ ላይ ለመተው የወሰነ ሰው ብቻውን ቆሞ ይሆናል። ውሳኔውን እርሱ ወስዷል። የቀረው የመኝታ ክፍል ጎረቤቱ በሩን ከፍቶ «ና፣ ሻይ ደርሷል» ማለቱ ነው።